የገደሉ ዕዳ፦ በሚና ጨዋታ ውስጥ የአማልክት እርዳታ እስከ የት ይድረስ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። ቅዳሜ ማታ አምስት ጓደኞቼን የሚና ጨዋታ አጫውታለሁ፤ እያንዳንዱ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ በቃልና በዳይስ የሚጫወተው ነው። ሕጉ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ዓለሙን ግን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ፦ አምባዎች፣ አንድ ገዳም ያለበት ሐይቅ፣ ሦስት አማልክት። አንዷ የዝናብ፣ አንዱ የገበያና የመንገድ፣ አንዱ የመቃብር። ከሁለት ወር በፊት ሁሉም ከገደል ሲወድቁ፣ የዝናቧ አምላክ አገልጋይ የሆነው ተጫዋች ለመናት። ሁሉም እንዳይሞቱብኝ ስለ ፈራሁ ከገደሉ ሥር ያለውን ወንዝ በዝናብ ሞልታ ውኃው ላይ እንዲያርፉ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ በር ሲቆለፍም ይለምናል። ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት ሕግ በቀን አንድ ጊዜ ያለ ዳይስ ይፈቀድለታል፤ የእርዳታውን ዓይነት እኔ እወስናለሁ። እምቢ ስል ‹ሁሉን ቻይ ከሆነች ለምን አትረዳንም?› ይሉኛል። ገሚሶቻችን ሙስሊም፣ ገሚሶቻችን ክርስቲያን ነን፤ የአንዱ ጓደኛዬ እናት ደግሞ ‹ይህ ባዕድ አምልኮ ነው› ብለውናል። አገልጋዩ አሁን ደረጃ 6 ላይ ነው። አማልክቱን ከጨዋታው ላውጣቸው?»

ምላሽ፦

አያውጧቸው። አማልክት የሌሉበት ዓለም መፍጠር ይቻላል፤ የእርስዎ ችግር ግን የአማልክቱ መኖር አይደለም። ገደሉ ሥር የሰጡት እርዳታ ስጦታ ነበር። ስጦታ መሆኑን ግን ማንም አልሰማም። ምን እንዳስከፈለ፣ ለምን በዚያ ዕለት እንደ ተሰጠ፣ ሁለተኛ ይሰጥ አይሰጥ እንደሆነ አልተነገረም። ውል ያልተነገረለት ስጦታ በሁለተኛው ሳምንት መብት ይሆናል። ተጫዋችዎ በር በተቆለፈ ቁጥር ቢለምን አልፈርድበትም፤ ያሳዩትን ነው የተማረው።

መጀመሪያ ሕጉን እናጥራ። የያዙት ሕግ የአንድ እትም ሕግ አይደለም፤ የሁለት እትሞች ሕግ ተቀላቅሎብዎታል። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛው እትም፣ ክሌሪክ የሚባለው የአምላክ አገልጋይ የሚፈልገውን እርዳታ ይናገርና መቶኛ ዳይስ (ከ1 እስከ 100 ቁጥር የሚያወጣ) ይጥላል። የወጣው ቁጥር ከደረጃው እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ አምላኩ ይደርስለታል፤ የእርዳታውን ዓይነት የሚወስነው አጫዋቹ ነው። ከተሳካ ለ7 ቀን ዳግመኛ መለመን አይችልም፤ ካልተሳካ ረጅም ዕረፍት (በጨዋታው ዓለም የአንድ ሌሊት ያህል ዕረፍት) ካደረገ በኋላ እንደገና ይሞክራል። በ2024 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ሕግ ይህን ለወጠው። ዳይሱ ቀረ። ክሌሪኩ በአንድ ረጅም ዕረፍት አንድ ጊዜ፣ ከክሌሪክ አስማቶች መካከል እስከ 5ኛ ደረጃ ካሉት አንዱን መርጦ ያለ ወጪ ይፈጽማል። እዚህ ላይ መራጩ ተጫዋቹ ነው፤ ምርጫውም ከተጻፈው ዝርዝር አያልፍም። እንግዲህ አሮጌው ሕግ ሰፊ እርዳታ ይሰጣል፣ ግን አልፎ አልፎ ነው፤ አዲሱ ዘወትር ይሰጣል፣ ግን እርዳታው ጠባብ ነው። እርስዎ ከአዲሱ ዘወትርነቱን፣ ከአሮጌው ስፋቱን ወሰዱ። እንዲህ ዓይነት አምላክ ሁለቱንም ሕጎች ያወጡት ሰዎች አስበውት አያውቁም። ከዚህም በላይ ችሎታው በሁለቱም እትሞች የሚገኘው ከደረጃ 10 ጀምሮ ነው። ደረጃ 6 ላይ ያለ ክሌሪክ በሕጉ የሚጠይቀው ምንም ነገር የለውም፤ የሚያገኘው ሁሉ አጫዋቹ በፈቃዱ የሚሰጠው ነው።

«እንግዲያው ወደ አሮጌው ሕግ ልመለስና ዳይሱ ይፍረድ» ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። ብዙ አጫዋቾች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በደረጃ 10 የመሳካት ዕድሉ ከ100 ዐሥር ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ካልተሳካ በማግሥቱ ይሞከራል። ጊዜ ያለው ቡድን ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ለ7 ቀን በየቀኑ ቢለምን፣ በሳምንቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመሳካቱ ዕድል ወደ 52 በመቶ ይደርሳል። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ዳይሱ ብቻውን ወሰን አይሆንም፤ ወሰን የሚሆነው የጊዜ እጥረት ነው። ቡድኑን የሚያሳድድ ጠላት ወይም የሚደርስ ቀነ ቀጠሮ በሌለበት ጨዋታ፣ ትንሹ ዕድል እየተደጋገመ ትልቅ ይሆናል።

ዳይስ ከሌለዎት በወረቀት ዕጣ መጫወት ይቻላል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ላንሳ። ከ0 እስከ 9 ቁጥር የተጻፈባቸው ዐሥር ብጣሽ ወረቀቶች ስኒ ውስጥ ይጨመሩና ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ዐሥር ቤት፣ ሁለተኛው አንድ ቤት ነው፤ ሁለት ዜሮ 100 ይባላል። የመጀመሪያውን ወረቀት ወደ ስኒው ሳይመልሱ ሁለተኛውን ካወጡ ግን 11፣ 22፣ 33 የመሳሰሉት ቁጥሮች ፈጽሞ አይወጡም። ከ100 አማራጭ 90 ብቻ ይቀራል፤ የደረጃ 10 ዕድልም ሳያውቁት ከ10 በመቶ ወደ 11 በመቶ ከፍ ይላል። መልሰው ስኒውን ይነቅንቁት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ፤ «ሁሉን ቻይ ከሆነች ለምን አትረዳንም?» ወደሚለው። ይህ ጥያቄ ከልብ የመነጨ ነው። በእርስዎ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ልጆች በመስጊድም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ያደጉ ናቸው። «አምላክ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ጆሯቸው ላይ የሚደርሰው አንድ ፈጣሪ፣ ሁሉን ቻይ፣ ሁሉን አዋቂ የሚለው ነው። እርስዎ ግን ሦስት አማልክት ነው የፈጠሩት። ሦስት ባሉበት ሁሉን ቻይ የለም፤ የአንዱ ሥልጣን የሚያበቃው የሌላው በሚጀምርበት ነው። በጥንታውያን ግሪኮች ተረት ዜውስ የገዛ ልጁ ሳርፔዶን በትሮይ ጦርነት ሊሞት ሲል ሊያድነው ፈልጎ ነበር። ሄራ «አንተ ልጅህን ካዳንክ ሌሎቹም አማልክት ልጆቻቸውን ማዳን ይሻሉ» አለችው። ዜውስም ተወው፤ ለልጁ ክብር በምድር ላይ የደም ጠብታ አዘነበ እንጂ ከሞት አላዳነውም። በሰሜን አውሮፓ ተረት ደግሞ ኦዲን ከጥበብ ጉድጓድ ለመጠጣት አንድ ዓይኑን ከፍሏል። የአማልክት አለቃ ከፍሎ የሚጠጣ ከሆነ፣ ቁልፍ የጠፋበት ተጫዋች በነፃ የሚጠጣበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ስማቸውን ይለውጡ። «አምላክ» የሚለው ቃል ይዞት የሚመጣው ነገር ከእርስዎ ፈጠራ ይከብዳል። «እመቤት» ብለው አይተኩት፤ ያ ስም የማን እንደሆነ ክርስቲያኖቹ ተጫዋቾችዎ ያውቃሉ። «ጌታ»ም አይሆንም። «አውሊያ»፣ «ቆሌ»፣ «አድባር» የሚሉትን ደግሞ ጨርሶ አይንኩ፤ በወሎ እነዚህ የተረት ቃላት አይደሉም፣ የሰው እምነትና የሰው ፍርሃት ያለባቸው ናቸው። እኔ የምመርጠው ሥራቸውን ብቻ የሚናገር ስም ነው፦ ባለ ዝናቧ፣ ባለ መንገዱ፣ ባለ መቃብሩ። እንዲህ ሲባሉ ሰሚው «የዝናቡ ጉዳይ የእሷ ነው፤ የቁልፉ ግን አይደለም» ብሎ ራሱ ይገምታል። የተቆለፈ በር ባለ ዝናቧን ምን አገባት?

ወሰኑን በሦስት ነገር እንሥራው፤ በእርስ በርስ ውል፣ በተፈጥሮ፣ በዋጋ። የመጀመሪያውን ለማየት በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላው የሚና ጨዋታ፣ ሩንክዌስት፣ የሚካሄድበትን የግሎራንታን ዓለም ልጥቀስ። በዚያ ዓለም አማልክቱ እርስ በርስ ተዋግተው ዓለሙን ሊያጠፉት ደረሱ። ከጥፋቱ የተረፈውን ለማዳን ታላቁ ስምምነት የሚባለውን ውል ገቡ፤ ከዚያም ዘመን መቆጠር ጀመረ። ከውሉ በኋላ አማልክቱ በዘመን ውስጥ እንደ ፈቀዱ መግባት አይችሉም፤ የሚሠሩት በሚያመልኳቸው ሰዎች እጅ ብቻ ነው። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አበጋሮች ሲያስታርቁ ጠመንጃ ይዘው አይደለም፤ ኃይላቸው ሁለቱም ወገኖች በሕዝብ ፊት ለቃላቸው በመታሰራቸው ነው። ከዕርቁ በኋላ ከአንዱ ወገን አንድ ሰው እጁን ቢያነሣ የሚፈርሰው የአንድ ሰው ጉዳይ ሳይሆን የሁሉም ሰላም ነው። አማልክቱንም እንዲሁ ያስታርቋቸው። ባለ ዝናቧ ገደሉ ሥር ገብታ አምስት ሰው ስታድን ባለ መቃብሩ አምስት ሰው ቀርቶበታል። ዝም ካለ ለምን ዝም አለ? ካልተወ ደግሞ ምን ይጠይቃል? ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት የሚበቃ ጨዋታ እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ።

ለዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተዘጋጁ ሌሎች ዓለማት ወሰኑን በሌላ መንገድ አበጅተውታል። በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው ዳርክ ሰን አማልክት የሉም፤ ክሌሪኮች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከእሳት፣ ከውኃ፣ ከአየርና ከምድር ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤቤሮን አማልክት በምድር ላይ አይታዩም፤ መኖራቸውን በማስረጃ ያረጋገጠ የለም፤ ክሌሪኮች ግን ይፈውሳሉ። በፎርጎተን ሪልምስ ደግሞ ከአማልክቱ ሁሉ በላይ ያለው አኦ፣ ሥራቸውን ረስተው ለሥልጣን ሲሻኮቱ ከአንዱ በቀር ሁሉንም ወደ ምድር ጥሎ ሟች አድርጓቸዋል። ሦስቱም ጥሩ መፍትሔዎች ናቸው፤ ሁለት ወር ለተጫወተ ቡድን ግን አይመቹም። ተጫዋቾችዎ ባለ ዝናቧ ወንዝ ስትሞላ በዓይናቸው ያዩ ያህል ነውና ዛሬ «መኖሯ አይታወቅም» ቢሏቸው አያምኑዎትም።

ሁለተኛውን ወሰን፣ የተፈጥሮውን፣ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ከራሱ ከእርዳታው ስለሚወጣ። ባለ ዝናቧ የምትረዳው በዝናብ ነው። ዝናብ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ አይዘንብም። ኅዳር ላይ እህሉ ታጭዶ ዐውድማ አጠገብ በተከመረበት ሳምንት ዝናብ ቢመጣ ምን እንደሚሆን የገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል። ነዶው ይርሳል፤ ገብሱ እዚያው ክምሩ ውስጥ ይጎነቁላል፤ ክምሩን ሲገልጡት ሙቀትና የሻገተ ሽታ ፊትዎን ይመታዋል፤ ነጫጭ ሥሮች እርስ በርስ ተያይዘው ነዶውን እንደ ምንጣፍ ያነሡታል። በልግ በሚዘራበት የወሎ ደጋ ደግሞ የበልጉ አጨዳና የክረምቱ መግቢያ ስለሚገጣጠሙ ገበሬው በየዓመቱ ከሰማይ ጋር እሽቅድምድም ነው። ለአንዱ ማሳ ምሕረት የሆነው ዝናብ ለሌላው ዐውድማ ጥፋት ነው። እንግዲህ ባለ ዝናቧ ክፉ ሳትሆን፣ ደካማም ሳትሆን፣ የምትወዳቸውን መርዳት የሚከብዳት በዚህ ምክንያት ነው። «ለምን አልረዳችንም?» ሲሉ መልሱ «አልቻለችም» ወይም «አልፈለገችም» አይሆንም፤ «ሸለቆው ውስጥ ስንት ዐውድማ እንዳለ ቆጥራችኋል?» ይሆናል። ለባለ መንገዱም ለባለ መቃብሩም እንዲሁ ያስቡላቸው። መንገድ የሚከፍት ለሚያሳድደውም ይከፍታል። ሙት የሚመልስ ከሕያዋን መካከል የሚጎድልበትን ቦታ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። ሩንክዌስት በዚህ ረገድ ጨካኝና ግልጽ ነው። የአምላኩ ተከታይ ሲለምን መቶኛ ዳይስ ይጥላል፤ ቁጥሩ ከመንፈስ ኃይሉ እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ አምላኩ ይደርሳል። ከዚያ ግን የወጣው ቁጥር ራሱ ከኃይሉ ላይ ይቀነሳል። ኃይሉ 15 የሆነ ሰው 9 ቢወጣለት ይድናል፤ የሚቀረው 6 ብቻ ነው። በትክክል 15 ቢወጣ ልመናው ይፈጸማል፤ ለማኙ ግን የሚቀረው ነፍስ የለም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለበር ቁልፍ የሚለምን ሰው አያዩም።

እኛ ግን ለዋጋ የራሳችን አስተሳሰብ አለን፤ ስለት። ሰው ይሳላል፤ የጠየቀው ከደረሰለት የተሳለውን ያስገባል፤ ካልደረሰለት ዕዳ የለበትም። የተሳለውን ያላስገባ ሰው ግን እንቅልፍ የለውም፤ ዘመድ ጎረቤቱም «ስለትህን አስገባ» ይለዋል። ይህ አስተሳሰብ ልመናን፣ ዋጋንና ቀጠሮን በአንድ ላይ የያዘ ነው፤ ለጨዋታ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ቃሉን ራሱን ግን ለጨዋታ አይውሰዱት፤ ሰዎች በእውነት የሚሳሉበት ነውና። በጨዋታው ውስጥ «ውል» ይበሉት።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። ደሴ ውስጥ፣ ጦሳ በጉም በተዋጠበት የክረምት ማታ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ እንጫወት ነበር። አንዲት ተጫዋች ወንድሟ ተገድሎባት ባለ መቃብሩን የመሰለ ኃይል ፊት ቆመች። በእርግጥ የሞተው የገጸ ባሕርይዋ ወንድም ነው። «መልስልኝ» አለች። እኔም በእሱ ድምፅ «ስሙን ስጪኝ፤ ከእንግዲህ በአንቺም በእሱም አፍ አይጠራም» አልኋት። አሰበችበት፤ ሻማው አጠገብ የነበረውን ሰም በጥፍሯ ስትፍቀው አስታውሳለሁ። ከዚያ «እሺ» አለች። ዕጣው ወጣ፤ ወንድሟ ተመለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ውጊያ መካከል ከኋላው ጠላት ሲመጣበት ልትጠራው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ለስድስት ወር «ወንድም ዓለም» ነበር የምትለው። መጨረሻ ላይ አንድ ከተማ በር ስንደርስ በረኛው የሚገቡትን ሁሉ ስም ይመዘግብ ነበር። የወንድሟን ስም ልትነግረው አልቻለችም፤ ወንድሟም ስሙን አያውቀውም። ከበሩ ውጭ ቀረ፤ እሷም አብራው ቀረች። ያንን ማታ ስናነሣ ዛሬም ስለ ወንድሟ መመለስ የሚያወራ የለም፤ የምናወራው ስለ በሩ ነው።

በተቃራኒው፣ በጀማሪነቴ አንድ ሠራዊት ከብቦ የያዘውን ቡድን በመብረቅ አድኜ አውቃለሁ። መብረቁን ለመግለጽ ብዙ ደክሜበታለሁ። ሲያበቃ ሁለቱ ተጫዋቾች ስልካቸውን ይዘው ነበር። ሠራዊቱን ለማለፍ ሦስት ሳምንት ያሰቡት ዘዴ ሁሉ በአንድ ብልጭታ ከንቱ ሆነባቸው። እርዳታ መንገድ መክፈት አለበት፤ መንገዱን ሄዶ መጨረስ ግን የእነሱ ነው። ወንዙ ይሞላል፤ መዋኘት የእነሱ ነው። ጠባቂው ይተኛል፤ ቁልፉን ከወገቡ መፍታት የእነሱ ነው።

እንግዲህ የማዝዝልዎት ይህን ነው። በዚህ ሳምንት ከሦስቱ ኃይሎች ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ይጻፉ። ሦስት ነገር ብቻ ይኑርበት፤ ፈጽሞ የማይችለው፣ ሲረዳ የሚጎዳው፣ በማን እጅ እንደሚሠራ። ጽሑፉን አይደብቁ፤ ከጨዋታው በፊት ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። አጫዋቹ በልቡ ብቻ የያዘው ወሰን፣ ተጫዋቹ በተጋጨበት ቀን አድልዎ ይመስላል። ቀጥሎ የዳይሱን ሕግ ይለውጡ። እኔ የምጠቀምበት በየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም፤ በጠረጴዛ ላይ እየሞከርሁ ያስተካከልሁት ነው። መነሻው እንደ 2014ቱ ሕግ የገጸ ባሕርዩ ደረጃ ነው፤ ለእርስዎ ተጫዋች 6። ለማኙ ከመጣሉ በፊት ውል ያቀርባል። ቀላል ውል 5፣ ከባድ ውል 10፣ ሕይወቱን የሚለውጥ ውል 20 ይጨምርለታል። ስለዚህ ከሁሉ የከበደውን ውል ይዞ የመጣ ሰው ዕድሉ 26 በመቶ ነው። ቀላሉንና ከባዱን የሚለየው ቡድኑ በሙሉ እንጂ እርስዎ ብቻዎን አይሁኑ፤ ሲስማሙበት ሁሉም ይጠብቁታል። ከተሳካ የ7 ቀኑ ዝምታ እንዳለ ይቆይ። ካልተሳካ ያው ልመና ሁለተኛ አይቀርብም፤ ሳምንቱን ሙሉ ዋሻ ውስጥ የመቀመጡ በር በዚህ ይዘጋል። ውሉ ሳይፈጸም ሌላ ልመና አይሰማም።

ደረጃ 10 ሲደርስ ምን ይሁን ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። የ2024ቱን ሕግ እንዳለ ይስጡት፤ ከዝርዝሩ አንድ አስማት፣ በአንድ ረጅም ዕረፍት አንድ ጊዜ። ያ የአገልጋዩ መብት ነው፤ ውልም አይጠየቅበትም። ከዝርዝሩ የሚያልፍ ነገር ሲፈልግ ግን ወደ ውሉ ይመለሳል። መብትና ስጦታ በሁለት የተለያዩ በሮች ሲገቡ ጭቅጭቁ ይቀንሳል።

ሊርቋቸው ከሚገቡ ነገሮች የመጀመሪያው ለእነዚህ ኃይሎች የሕይወት ነጥብ (በተመቱ ቁጥር የሚቀነስ ቁጥር) መስጠት ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ደንብ አካል ሆኖ በወጣ አንድ መጽሐፍ ለዜውስ 400 ነጥብ ተሰጥቶት ነበር። ቁጥር ያለው ነገር ተቀንሶ ያልቃል፤ ተጫዋቾችም ያንን ለመሞከር ጊዜ አልፈጀባቸውም። ባለ ዝናቧን እንዲገድሏት ካልፈለጉ ቁጥር አይስጧት።

ስለ ጓደኛዎ እናት ስጋት። እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፤ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ይጠይቅ፤ የሚነግሩትንም ያክብሩለት። በጨዋታው በኩል ግን ስጋታቸውን የሚያቀልል ነገር ማድረግ ይችላሉ። ማንም ተጫዋች በራሱ አፍ አይለምን፤ «ገጸ ባሕርዬ ባለ ዝናቧን ይለምናል፤ የሚያቀርበው ውል ይህ ነው» ይበል። ከእውነተኛ ጸሎት፣ ከዱዓ፣ ከመንዙማ አንድም ቃል አይግባ። የመላእክትና የቅዱሳን ስም፣ ታቦት፣ መስቀል አይግባ። ሐይቅዎ ውስጥ ያለው ገዳም አሳስቦኛል። የሐይቅን ውኃ፣ የአምባሰልን ገደል፣ ግሸንን የመሰለ አምባ ይውሰዱ፤ መልክዓ ምድሩ የሁላችን ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበትን ሐይቅ እስጢፋኖስን የሚያስታውስ ገዳም ግን የባለ ዝናቧ ቤት ሊሆን አይገባም። በምትኩ የጀልበኞች መንደር ያድርጉበት። ከዚያም እናትየዋን አንድ ቅዳሜ ይጋብዟቸው፤ ቡና ይፈላ፤ እስከ በረካ ተቀምጠው ይስሙ። በር ዘግቶ የሚጫወት ልጅ እናቱን ያስፈራል፤ ፊታቸው ቢጫወት ግን ምን እንደሆነ ራሳቸው ያዩታል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ባለ ዝናቧ ተቆጥታ ዝናብ ከልክላ ሕዝብ በረሃብ ያለቀበት ታሪክ አይጻፉ። ሐሳቡ ቶሎ ይመጣል፤ ለዝናብ ባለቤት የመጀመሪያው ቅጣት ይመስላል። ነገር ግን የሚጫወቱት ወሎ ውስጥ ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ዓ.ም. ረሃብ ያዩ ሰዎች በየቤቱ አሉ፤ ከጠረጴዛዎ ዙሪያ ካሉት ልጆችም አያቱ ልጅ የቀበረች ልትኖር ትችላለች። እነዚያ ሰዎች የተቀጡ አልነበሩም። «አጥፍተው ነው» የሚል አንድ መስመር በጨዋታ ስም እንኳ በዚህ ምድር ላይ መነገር የለበትም። ዝናቧ ስትሳሳት ትሳሳት፤ ስትረዳ ትጉዳ፤ ሕዝብ የምትቀጣ ግን አትሁን።

የገደሉን ነገር ወደ ኋላ ተመልሰው አይሰርዙት። ተከስቷል፤ ድነዋል፤ ዋጋው ግን ገና አልተጠየቀም። ቅዳሜ ሲጀምሩ አምስቱም እሳት ዙሪያ ተቀምጠው እራት እየበሉ ይሁኑ። በር ይንኳኳ። የመጣችው ከወንዙ ማዶ ካለው ሸለቆ ሁለት ቀን በእግሯ የተጓዘች የዐሥር ዓመት ልጅ ነች፤ ጀርባዋ ላይ ስልቻ አለ። ስልቻውን መሬት ላይ ትዘርግፈው፤ እርስ በርሱ የተያያዘ የጎነቆለ ገብስ ይውጣ። አትቆጣም፤ አታለቅስም። አንድ በአንድ እያየቻቸው «ዝናቡን የጠራው ማነው?» ትበላቸው፤ እርስዎም ከዚያ በኋላ ዝም ይበሉና ማን እንደሚነሣ ይጠብቁ።